ከሐዲዱ ሥር ያለው ሥራ

የምድር ባቡር ነገር ሲነሣ የሰው አሳብ አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ ባቡሩ ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ ወደ ብረቱ ሐዲድ ነው። ከሐዲዱ ሥር ስላለው አፈርና ጠጠር የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። በዚህ ነገር እኛ የሐብሩ ሰዎች ከሌላው አገር ሰው ሳንለይ አንቀርም፤ ባቡሩንም ሐዲዱንም ገና ሳናይ አፈሩን አስቀድመን አይተነዋልና። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል፣ ወልድያ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታሰበው መንገድ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ያፒ መርከዚ በሚባል የቱርክ ተቋራጭ እጅ ተጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው፣ 270 ኪሎ ሜትር የሚያህለው የመጀመሪያው ክፍል ሐዲድ ለበሰ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ ያለው ሁለተኛው ክፍል ግን፣ ኮረብታው እየተቆረጠ ጎድጓዳው እየተሞላ ብዙ ከተደከመበት በኋላ፣ በገንዘብ ዕጦት ምክንያት ቀዘቀዘ፤ ቆመም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አገራችን ሲደርስ ደግሞ ስለ ባቡር የሚያወራ ሰው ጠፋ።

በእኛ ቤት ግን ወሬው አልጠፋም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። የአባታችን የማሽላ መሬት ከፊሉ በዚያ ድልዳል ሥር ውሏል፤ ካሣውም በጊዜው ተከፍሏቸዋል። ታናሽ ወንድማችንም ሥራው በነበረ ጊዜ፣ ከሩሎው ፊት እየቀደመ በአፈሩ ላይ ውኃ የሚያርከፈክፍ የቀን ሠራተኛ ነበረ። አንዱ መሬቱን፣ ሁለተኛው ላቡን ስለ ሰጠ፣ በማዕድ ላይ የድልዳሉ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ዝም አይሉም።

ባለፈው በጋ በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችን ለልጆቻችን ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር ላከላቸው። በሳጥኑ ውስጥ አንድ መኪና ከሦስት ፉርጎዎች ጋር፣ ሲገጣጠም ዙሪያውን የሚሽከረከር ሐዲድ፣ አንድ የሐዲድ መገንጠያና ትርፍ የሆኑ አራት ቀጥ ያሉ ሐዲዶች ነበሩበት። ልጆቹ እንደ ልጅነታቸው ሐዲዱን በወለሉ ላይ ዘርግተው ወዲያው ሊነዱት ፈለጉ። ወንድማችን ግን «መጀመሪያ መሬቱ!» አለና ሳጥኑን ከደነው። ከዚህች ቃል የተነሣ ሦስት ወር የፈጀ ሥራ መጣብን። ሥራው ብዙ ወጪ የማይጠይቅና ትንሽ ትልቁን በአንድ ገበታ ዙሪያ የሚያቀራርብ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለአንባብያን እንደ ሠራነው አድርገን ልናቀርበው ወደድን።

በመጀመሪያ የልኩን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ ባቡር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ዛሬ በብዙ አገር በተለመደው መንገድ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ በዚሁ ልክ ተሠርቷል፤ ወደ እኛ የሚመጣውም በዚሁ ልክ የታሰበ ነው። ይህ ለ87 ሲካፈል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ታላቁ ልጃችን በማስመሪያ ቢለካው ልክ ሆኖ አገኘው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ በዚህ ልክ ቢሠራ ከ11 ሚሊ ሜትር ተኩል አይበልጥም ነበር።

ልጆቹን እጅግ ያስደነቃቸው ግን የጠጠሩ ስሌት ነው። በእውነተኛው ሐዲድ ሥር የሚነጠፈው የተፈለጠ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለ87 ሲካፈል ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይርቅም፤ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰ ማለት ነው። ትንሺቱ ልጃችን ይህን ስትሰማ «እንግዲያ ጤፍ እናንጥፍበታ!» ብትል፣ እናታችን ከምድጃው አጠገብ ሆነው «እህል ከባቡር እግር ሥር አይጣልም፤ ደግሞስ አይጥ ነው የምትጠሪው?» ብለው ነገሩን ዘጉት። በመሠረቱም ጤፍ ድቡልቡል ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይበጅም፤ ለምን እንደማይበጅ ግን በዐይን ማሳየት ይሻላል ብለን አንድ ፈተና አዘጋጀን።

ሦስት ጣሳ አመጣን። በአንደኛው ደረቅ ዋልካ፣ በሁለተኛው ከወንዝ ዳር የተለቀመ ድቡልቡል ጠጠር፣ በሦስተኛው ከካባ የመጣ፣ ጠርዙ ስል የሆነ ጥቁር ድንጋይ ተደቅቆ ተሞላ። በየጣሳው ላይ አንዳንድ ቁራጭ እንጨት አጋድመን በእንጨቱ ላይ የሚዛን ድንጋይ ጫንንበት፤ በጎን በኩልም በጣት ገፋ ገፋ አደረግነው። በድቡልቡሉ ላይ ያለው እንጨት ወዲያው ተንሸራተተ፤ በስሉ ድንጋይ ላይ ያለው ግን አልነቃነቅ አለ። ከዚያ በኋላ ውኃ አፈሰስንባቸው። ጣሳዎቹ ሥራቸው በሚስማር የተበሳ ነበርና ከሁለቱ ጠጠሮች ውኃው ወርዶ ሄደ፤ ዋልካው ግን ጠጥቶ አበጠ፤ በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ፤ ሸክሙም ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

የሐዲድ ጠጠር ሥራው ይኸው ነው። ባቡሩ በጥቂት መንኰራኵሮች ላይ የሚያሳርፈውን ከባድ ሸክም ከተጋዳሚው ተቀብሎ ለሰፊው መሬት ያካፍላል፤ ዝናቡን አሳልፎ ወደ ቦዩ ይሰዳል፤ ብረቱ በፀሐይ ሲግልና ሊለጠጥ ሲፈልግ ወደ ጎን እንዳያፈነግጥ አንቆ ይይዛል። ይህን የሚችለው ድንጋዩ እርስ በርሱ ሲነካከስ ነው። ካብ ሲካብ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አያዳግተውም፤ ጭቃ ሳይገባበት ዘመን የሚሻገረው ካብ ጠርዝ ባለው ድንጋይ የተካበው ነው፤ በድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ የተካበው ፍየል ስትዘልበት ይናዳል። በተጋዳሚው ሥር የዚህ ጠጠር ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በእኛ ገበታ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ሆነ። ከጠጠሩ ሥር ደግሞ በየደረጃው የተደለደለው አፈር አለ፤ ገንዘቡም ጊዜውም እንደ እኛ ባለ ተራራማ አገር የሚያልቀው በዚህ ላይ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ቶሎ ይንሸራተታልና ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፤ ለዕቃ ባቡር በ100 ሜትር 2 ሜትር ከፍ ማለት እንኳ ከባድ ዳገት ነው። ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚወጣው የመኪና መንገድ የሚጠማዘዘውን ያህል ባቡሩ መጠማዘዝ አይሆንለትምና ኮረብታውን መቍረጥ፣ ሸለቆውን መሙላት ግድ ይሆናል።

አፈሩም እንዲያው ተገልብጦ አይተውም። ወንድማችን እንደ ነገረን፣ በአንድ ጊዜ የሚዘረጋው ከአንድ ስንዝር እምብዛም ያልበለጠ ነው፤ ውኃ ይርከፈከፍበትና ሩሎ ይመላለስበታል፤ ከዚያ ሌላ ይዘረጋበታል። ውኃው ሲበዛ አፈሩ ይላቍጣል፤ ሲያንስ ይቦናል። ልኩን የሚያውቁት በመሣሪያ ነው፤ ነገር ግን አፈሩን በመዳፍ ጨብጦ መክፈትም ለልምድ ሰው ብዙ ይነግረዋል፤ ቅርጹን ይዞ ቢቀርና በጣት ሲነኩት ሁለት ሦስት ቦታ ቢሰበር መልካም ነው። እናታችን ይህን ሰምተው «ታዲያ ይህ የአውድማ ሥራ አይደለም ወይ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አውድማም የሚለቀለቀው፣ የሚረገጠውና የሚጠጥረው እንዲሁ ነው።

ወደ ገበታችን እንመለስ። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጣውላ በአራት እግር ላይ አቆምን፤ ዙሪያውን የሚሄደው ሐዲድ የአዋሽና የኮምቦልቻ መንገድ እንዲሆን ተስማማን፤ ከኮምቦልቻ ወደ መስኮቱ 1 ሜትር የምትዘልቅ ጠባብ ጣውላ ጨመርንና ጫፏን ሐራ ገበያ አልናት። ኮረብታውን የሠራነው በጭቃና በጤፍ ጭድ ነው። ጭቃውን አራት ቀን አቦካነው፤ ቤት የለሰነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። በአንድ ጊዜም ወፍራም አድርገን አልጫንነውም፤ ስስ ለስነን፣ አድርቀን፣ ደግመን ለሰንን።

ሐዲዱ በቀጥታ በጣውላው ላይ ቢቀመጥ ባቡሩ ሲሄድ ጣውላው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ስለዚህ ጫማ ሰፊዎች ለጫማ ውስጥ የሚጠቀሙበትን ስስ ስፖንጅ ገዝተን፣ 4 ሳንቲ ሜተር ተኩል ስፋት ባለው ጥብጣብ ቈረጥነው። እዚህ ላይ አንድ ጥበብ አለ። ጥብጣቡን ከመካከሉ ለሁለት መሰንጠቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ሙሉው በማዞሪያው ላይ አልታጠፍ ብሎ ይሸበሸባል፤ ግማሹ ግን በቀላሉ ይታጠፋል። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበትም መሥመር የሐዲዱ እምብርት የት እንደሚውል ያሳያል። የውጭ ጠርዛቸውን አጋድመን በምላጭ ቈረጥነው፤ ጠጠሩ ከላይ ወደ ታች ተዳፍቶ የሚያርፈው በዚህ ጠርዝ ላይ ነውና።

ወደ ሐራ ገበያ በምትሄደው ጣውላ ላይ ስፖንጅ ብቻ ማድረግ አልበቃንም፤ እውነተኛ አፈር ይሁንበት ተባለ። በማግሥቱ አባታችን ከቀረቻቸው መሬት በፌስታል አፈር ይዘው መጡ። ጥቍር፣ ወፍራም፣ ማሽላ የሚያበቅል ዋልካ ነበር። ወንድማችን አየውና አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ይህ ለሙሌት አይሆንም። ጣሳው ውስጥ ያደረገውን አይተውት የለ?»

«የእኔ መሬት አይደል ወይ ከሥሩ ያለው?»

«የእርስዎማ አፈር መጀመሪያ ተዝቆ ነው የወጣው። ሌላ አፈር ከኮረብታ መጥቶ ነው የተሞላበት። ዋልካ ላይ ሐዲድ አይቆምም።»

ሁላችንም ዝም አልን። ስምንት ዓመት ሙሉ አባታችን መሬታቸው በባቡሩ መንገድ ሥር ተኝቷል ብለው የሚያምኑ ይመስለን ነበር። እርሳቸው ግን ፌስታሉን መልሰው እያሰሩ «አውቃለሁ» አሉ። «የተጣለበትንም አውቃለሁ። ከቦዩ ማዶ ተከምሮ ነበር። ሰው እየዘቀ ለጓሮው ወሰደው፤ አምና በቀረው ላይ አንዲት ሴትዮ ዱባ ተክላበት ነበር፤ ጥሩ ዱባ ነው ያወጣችው።» ከዚያም ወንድማችን የኮረብታ ቀይ አፈር አምጥቶ፣ ነፍቶ፣ በጥቂት ውኃ አርሶ፣ በጠርሙስ እያንከባለለ በሦስት ድርብ ደለደለው። አባታችንም አጠገቡ ቆመው በማንኪያ እጀታ ግራና ቀኙን ቦይ ያወጡለት ነበር። ቦዩ ሲያልቅ አንድ ጀበና ውኃ ቀስ ብለው አፈሰሱበትና ወዴት እንደሚሄድ ጐንበስ ብለው ተመለከቱ።

ለዙሪያው ሐዲድ የሚሆነውን ጠጠር ከካባው ብናኝ አገኘን። ድንጋይ ሲፈለጥ የሚወድቀው ደቃቅ ጠርዙ እንደ ትልቁ ሁሉ ስል ነውና ከወንዝ አሸዋ ይልቅ እርሱ ይሻላል። በመጀመሪያ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አጠብነው፤ አቧራ ያለበትን ሙጫ አይዘውም። ከደረቀ በኋላ በሁለት ወንፊት ነፋነው፤ በሰፊው ዐይን ወንፊት ላይ የቀረው ትልቅ ነው ተብሎ ተጣለ፤ በጠባቡ ያለፈውም ዱቄት ነው ተብሎ ተጣለ፤ በመካከል የቀረው ተያዘ። (ወንፊቶቹ ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለሱ በቤታችን እመቤት ተወስኖባቸዋል።) ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለእንደ እኛ አገር ሰው ዋና ነው፤ የወሎ ጥቁር ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ ሲሆን በውስጡ ማግኔት የሚስበው የብረት ቅንጣት አለበት። የትንሹ ባቡር ሞተር ደግሞ በውስጡ ማግኔት ስላለው እንዲህ ያለውን ቅንጣት ወደ ራሱ ስቦ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከተሰበረ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በወረቀት ጠቅልለን በጠጠሩ ላይ ደጋግመን አመላለስንበት። ልጆቹ ወረቀቱን በገለበጡ ቁጥር ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር ተጣብቆ ሲያገኙ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ማግኔቱ ባዶውን እስኪመለስ ድረስ ሁለት ቀን ሠሩበት።

አነጣጠፉ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለ1 ሜትር ሐዲድ ሁለት የቡና ስኒ ጠጠር ይበቃል። ደረቁን በተጋዳሚዎቹ መካከል በማንኪያ እየቈነጠሩ ማፍሰስ፤ በለስላሳ ብሩሽ ማስተካከል፤ በተጋዳሚው ላይ የወጣውን በጣት መታ መታ እያደረጉ ማውረድ ነው። ጠጠሩ ከሐዲዱ ውስጠኛ ጎን ከተደገፈ መንኰራኵሩ ይዘላል፤ በመገንጠያው በሚንቀሳቀሰው ምላስ ዘንድም ከናካቴው አለማድረግ ይሻላል። ከዚያም ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውኃ እንደ ጉም እንዲያርፍበት ይነፋል፤ ሳሙናው ከሌለ ውኃው ድብልብል ብሎ በላዩ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። በመጨረሻ አንድ እጅ የእንጨት ኮላ በሁለት እጅ ውኃ ቀጥኖ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ኮላው ሲደርቅ አይታይም፤ ጠጠሩ ግን እንደ ድንጋይ ይሆናል። በደረቅ ወራት አንድ ሌሊት፣ በክረምት ሁለት ቀን ሳይነኩት መቆየት ነው። ከዚያ የሐዲዱን ራስ በጨርቅ መወልወል አይረሳ፤ ኮላ የነካው ብረት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ዙሪያው አልቆ ባቡሩ ከአዋሽ ኮምቦልቻ መመላለስ ከጀመረ በኋላ የአራቱ ትርፍ ሐዲዶች ነገር ተነሣ። ቢጋጠሙ ወደ ሐራ ገበያ የምትሄደውን ጣውላ ለመሙላት ጥቂት ጣት ብቻ ይቀራቸው ነበር።

«አባባ፣ ሐራ ገበያ ድረስ እናንጥፈው» አለ ታላቁ ልጅ፤ «ሐዲዱ እኮ ሳጥን ውስጥ አለ።»

«የሳጥኑን አልጠየቅኩህም። በድልዳሉ ላይ አለ ወይ?»

«በድልዳሉስ የለም።»

«እንግዲያ አታንጥፍ። እኔ በዚያ በኩል ነው የማልፈው።»

ወንድማችን መሐል ገባ። «ጨዋታ እኮ ነው፤ በእውነት ያላዩትን በጨዋታ ቢያዩት ምን አለበት? ለምን ይከለክሏቸዋል?» አላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም በልባችን ወደ ወንድማችን አዘንብለን ነበር፤ እርሱ ለዚያ ድልዳል ሁለት በጋ ውኃ ተሸክሟልና በትንሹም ቢሆን ባቡር ሲሄድበት ማየት የሚፈልገው ከልጆቹ ይልቅ እርሱ መሆኑ ይታወቅ ነበር። አባታችን ግን «ልጆቹ የሚያውቁትን ነው የሚሠሩት» አሉ፤ «ሲመጣ ያን ጊዜ ያነጥፉታል። አሁን ሐዲድ ካደረጋችሁበት ያ ባዶ መሆኑን ማን ያስታውሳል?» ትንሺቱ ልጃችን «አፈሩስ?» ብላ ጠየቀች። «አፈሩ አለ፤ አፈሩ ይሁን። ቦዩም ይጠረግ፤ ድልዳል የሚፈርሰው በውኃ ነው፤ ባቡር ኖረበት አልኖረበት ውኃው አይጠብቅም።»

እንዲሁም ሆነ። ባቡሩ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ይመለሳል። በቀረችው ድልዳል ላይ ልጆቹ ከጭቃ የሠሯቸውን አህዮች ይነዱበታል፤ በእውነተኛውም ላይ ገበያተኛው አህያውን ሲነዳበት አይተዋልና ይህን አባታችን አልተቃወሙም። ለእርሷ የሚሆነው ሁለት ስኒ ጠጠር ታጥቦ፣ ተነፍቶና በማግኔት ተለቅሞ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ከአራቱ ሐዲዶች ጋር በቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ክዳኑን የገጠሙት አባታችን ናቸው።